አንድ ዓይን ለቀራቸው አባት የግላኮማ ኦፕራሲዮን ይሻላል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከዘጌ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ዶክተር፣ አባቴ 64 ዓመቱ ነው። ግራ ዓይኑ በግላኮማ ጠፍቷል። ቀኙም ተጎድቷል፤ ፊት ለፊት ያያል እንጂ ጎን ለጎን አያይም። ከጀልባ ሲወርድ ሳንቃውን ይስታል። ሲኒ ስሰጠው እጁ አልፎት ይሄዳል። ግፊቱ መጀመሪያ 34 ነበር፤ ሁለት ዓይነት ጠብታ እያደረገ 26 ላይ ቆሟል። ባሕር ዳር ያየው ሐኪም ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል አለ። ጎረቤታችን ሞራ ተገፎለት በማግስቱ ማየት ጀምሯል፤ አባቴም እንደዚያ ይሆናል? ሌዘር እያለ ለምን በምላጭ ይነካል የሚሉ አሉ። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ጭራሽ የታወረ ሰው እናውቃለን የሚሉም አሉ። እሱ ደግሞ ቡና ለቀማው ይለፍና ይላል። ምን ይሻላል?»

እህቴ፣ መልሱን መጀመሪያ ልንገርሽና ምክንያቱን ቀስ ብዬ ላስረዳሽ። የጻፍሽው ሁሉ እንዳለ ከሆነ እኔም ያ ሐኪም ያለውን ነው የምለው። ኦፕራሲዮኑ ይደረግ። ቡናው አይጠበቅ። ግን አባትሽ እንደ ጎረቤታችሁ በማግስቱ አዲስ ነገር አያዩም። ይህን ሳያውቁ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት የለባቸውም።

ከሞራው ልጀምር። ሞራ ማለት ዓይን ውስጥ ያለችው ሌንስ ስትደፈርስ ነው። የቤት መስኮት በጭቃ ሲለሰን እንደማለት። ጭቃው ሲነሣ ቤቱ ይበራል። ግላኮማ መስኮቱን አይነካም። ዓይንን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘውን ነርቭ ነው ቀስ እያለ የሚበላው። ያ ነርቭ ከሞተ የሚመልሰው ኦፕራሲዮን የለም። አዲስ አበባም የለም፣ ውጭ አገርም የለም። «ሕንድ ብወስደውስ?» ብሎ ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ልጅ አጋጥሞኛል። አትሽጥ አልኩት።

ሰው ለምን ሁለቱን እንደሚያደባልቅ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተሠራው አገር አቀፍ ጥናት፣ ዓይነ ስውር ከሆኑት ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነበር፤ የግላኮማ ድርሻ 5.2 በመቶ። ስለዚህ በየመንደሩ ሞራ ተገፎለት ያየ ሰው አይጠፋም። የግላኮማው ሰው ግን ተሠርቶለትም ድሮ ያየው የነበረውን ነው የሚያየው። ለጎረቤት የሚያወራው ነገር የለውም። ዓይኑ ባለበት ቆመ ማለት ወሬ አይሆንም።

አሁን ሕመሙን በጣና ላስረዳሽ፤ የጣና ልጅ ነሽና። ጣና ውስጥ ግልገል ዓባይ ይገባል፣ ጉማራ ይገባል፣ ርብና መገጭ ይገባሉ። የተፈጥሮ መውጫው ግን አንድ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ዓባይ ሆኖ ይወጣል። ጨራ ጨራ ላይ መዝጊያ አለ፤ መዝጊያው ሲከፈትና ሲዘጋ የሐይቁ ከፍታ ይቀየራል። ዓይንም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ከብሌኑ ጀርባ ያለች ትንሽ ሥጋ በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሊትር ገደማ ጥርት ያለ ውኃ ታመነጫለች። ከጠርሙሱ የምታንጠባጥቡለት አንድ ጠብታ፣ ዓይን በ20 ደቂቃ ገደማ ከሚያመነጨው ውኃ ጋር እኩል ነው። ውኃው እንባ አይደለም። እንባ ውጭ ነው፣ ይሄ ውስጥ ነው። ዓይንን መግቦ በጠርዝ በኩል ባለች ወንፊት መሰል ማጣሪያ ይወጣል። ማጣሪያዋ ስትደፈን ውኃው መመንጨቱን አያቆምም። ግፊት የምንለው ያኔ ይመጣል። የብዙ ሰው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ያ ግፊት ኋላ ያለውን ነርቭ ይጫነዋል።

ስለዚህ ያለን ምርጫ ጥቂት ነው። ወይ የሚመነጨውን እንቀንሳለን። ወይ የተደፈነውን ማጣሪያ እናነቃለን። ወይ አዲስ መውጫ እንቆፍራለን። ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ኦፕራሲዮኑም ዞረው ዞረው ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ነው የሚሠሩት።

የአባትሽ ጠብታ ለምን አልበቃም? አንደኛ፣ 26 ለማንም ሰው ብዙ ነው። ለእሳቸው ደግሞ በጣም ብዙ ነው። ነርቩ ያልተጎዳ ሰው 20 ላይ ሊቆይ ይችላል። ነርቩ ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው 20ን አይችልም። አሜሪካ ውስጥ የገፋ ግላኮማ ያለባቸውን ሕሙማን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ነበር። በእያንዳንዱ ቀጠሮ ከ18 በታች የተገኙትና አማካይ ግፊታቸው 12 ገደማ የነበረው ሰዎች እይታ በአማካይ ባለበት ቆየ። የሌሎቹ እየቀነሰ ሄደ። እኛም ለእንደ አባትሽ ዓይነቱ ሰው 12 አካባቢ ነው የምንመኘው። ከ26 ወደ 12 ሦስተኛ ጠብታ በመጨመር የሚደረስ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ነገር ጠብታው ራሱ ነው። በትክክል ይገባል ወይ? ይህን ሳልጠይቅ ማንንም ለኦፕራሲዮን አልጽፍም። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ሽፋሽፍቱ ላይ ያንጠባጥባል። አንዷ «አልቆ እንዳይከስረኝ» ብላ ቀን እየዘለለች ትጠቀማለች። በጾም ደግሞ ብዙ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆየዋል፤ ጠብታው ጉሮሮ ድረስ ይመርራልና ጾም ያስፈታል ብሎ ይፈራል። ሙስሊም ታካሚዎቼም በረመዳን ይሄንኑ ይጠይቁኛል። እኔ የሃይማኖት ሰው አይደለሁም፤ የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼሁን ጠይቁ እላለሁ። አንድ ዘዴ ግን አለች። ጠብታው እንደገባ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለችውን የዓይን ማዕዘን በጣት ለሁለት ደቂቃ ጫን ማድረግ። ወደ ጉሮሮ የምትወርደው ቀዳዳ እዚያ ናት። ምሬቱም ይቀራል፣ መድኃኒቱም ዓይን ላይ ይቆያል። እስቲ ዛሬ ማታ ሲያደርጉ አጠገባቸው ቁሚና እዪ። ተስተካክሎም ግፊቱ 26 ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ጠብታው አልቻለም።

ወደ ሌዘሩ ልምጣ። «ሌዘር ይሻላል» ማለት «በመኪና ሂድ» እንደማለት ነው። ባጃጅም አለ፣ ሲኖትራክም አለ። የትኛው ሌዘር?

አንዱ ኤስ ኤል ቲ ይባላል። የተደፈነችውን ማጣሪያ በቀላል ጨረር እየነካካ ያነቃታል። ጥቂት ደቂቃ ነው። ምላጭ የለም፣ ማደር የለም። ጥሩ ነገር ነው፤ በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት፣ ሕክምናቸውን በዚህ ሌዘር ከጀመሩት ሰዎች ሦስት አራተኛው ያህሉ ከ3 ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ግፊታቸው ተይዞ አገኛቸው። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የታንዛኒያው ነው። ኪሊማንጃሮ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ሌዘሩን ከቲሞሎል ጠብታ ጋር አወዳደሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘሩ 61 በመቶው ዓይን ተሳካለት፣ በጠብታው 31 በመቶው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጠብታ በየወሩ ይገዛል፣ ይረሳል፣ ከፋርማሲ ይጠፋል። ሌዘር አይረሳም። በሽታው ገና ሲጀምር ለተገኘበት ሰው፣ ማሽኑ ካለ፣ ይህን ነው ቀድሜ የማነሣው።

ለአባትሽ ግን ሒሳቡን አስቢው። ይህ ሌዘር ግፊትን በጥሩ ቀን ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል። 26 በጥሩ ቀን ከ18 እስከ 21 ሆነ ማለት ነው። የምንፈልገው 12 ነው። ደግሞ ከዓመታት በኋላ ኃይሉ ይደክማል። ከአምስት ዓመት በፊት መጥተው ቢሆን ኖሮ ሌላ መልስ እጽፍልሽ ነበር።

ሁለተኛው ሌዘር ብሌኑ ዙሪያ ባለው ባለቀለም ክፍል ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ሽንቁር የሚከፍት ነው። እሱ ለሌላ ዓይነት ግላኮማ ነው፤ ማጣሪያዋ ደህና ሆና መንገዱ ጠቦ ለተዘጋበት። ያ ዓይነቱ አንዳንዴ ድንገት ይነሣል። ዓይን ይቀላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያስታውካል፣ አምፖል ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታያል። ሰው የጨጓራ ወይም የራስ ምታት መስሎት ክኒን ውጦ ይተኛል። እንዲህ ከሆነ መተኛት የለም፤ በዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ነው። ለዚህኛው ዓይነት ሌንሷን ማውጣትም ራሱ ትልቅ ሕክምና ነው፤ መንገዱን ታሰፋለች።

ሦስተኛው ውኃው የሚመነጭባትን ሥጋ ከውጭ በጨረር ተኩሶ የሚያደክም ነው። ምንጩን ማድረቅ በይው። ዋና ቦታው ብዙ የማያይ ወይም ጠፍቶም የሚያሠቃይ ዓይን ነው። ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልተሳካለትም ይደረጋል። የአባትሽ ግራ ዓይን አንድ ቀን ማመም ከጀመረ ይህን አስታውሺ። ካላመማቸው አይነካ።

አሁን ዋናው። ሐኪሙ ያለው ኦፕራሲዮን ትራቤኩሌክቶሚ መሆን አለበት። ስሙ ይከብዳል፤ እኛም በሥራ ቦታ «ትራብ» ነው የምንለው። ኬርንዝ የተባለ የካምብሪጅ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ነው የጻፈው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዲስ ነገር መጥቷል። ግን ግፊትን ወደ 12 ዝቅ ማድረግ ሲፈለግ ዛሬም መጀመሪያ የሚጠራው ይኸው አሮጌው ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ አድርጌ ላሳይሽ፤ ሰው የሚፈራው ያላየውን ነው። አባትሽ አይተኙም። ዓይናቸው ዙሪያ ማደንዘዣ ይወጋል። ፊታቸው ይሸፈናል፣ ድምፅ ይሰማሉ፣ ሕመም አይሰማቸውም። አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ላይኛው የዓይን ሽፋን ሥር ነው የምንሠራው፤ ሲያልቅ ሽፋኑ ስለሚሸፍነው ቆሞ የሚያያቸው ሰው ምንም አያይም። መጀመሪያ ነጩን የዓይን ክፍል የሸፈነችውን ስስ ቆዳ እንከፍታለን። ከሥሯ በመድኃኒት የራሰ ስፖንጅ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ እናስቀምጣለን። መድኃኒቱ ሚቶማይሲን ይባላል። ለምን እንደሚያስፈልግ ቆይቼ እመጣበታለሁ። በደንብ ይታጠባል። ከዚያ ነጩ ግድግዳ ላይ ጎኗ 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን አራት ማዕዘን እንቀርፃለን፤ እስከ ግማሽ ውፍረቱ ብቻ። በሦስት ጎን ተቆርጣ በአንዱ ትያዛለች፤ የፖስታ ክዳን ትመስላለች። ክዳኗን አንሥተን ከሥሯ ወደ ውስጥ የምትዘልቅ ትንሽ ቀዳዳ እንበሳለን። ክዳኗን መልሰን ከፀጉር በቀጠነ ክር እንሰፋለን። ክሩ ጠበቅ ካለ ውኃው በትንሹ ይወጣል፣ ላላ ካለ በብዙ ይወጣል። ጨራ ጨራን ያነሣሁት ለዚህ ነበር። ቀዳዳውን መብሳት ቀላል ነው፤ ጥበቡ መዝጊያው ላይ ነው።

የወጣው ውኃ ከዓይን ውጭ አይፈስስም። ያቺ ስስ ቆዳ ሥር ይጠራቀምና ትንሽ ቋት ይሠራል፤ ብሌብ እንለዋለን። ከዚያ ሰውነት ቀስ ብሎ ይመጠዋል። አባትሽን ወደ ታች እዩ ብለሽ ሽፋኑን ብታነሺው፣ የምስር ፍሬ የምታህል ፈዘዝ ያለች እብጠት ታያለሽ። ጤነኛ ምልክት ናት። ግን እንዲህ እያደረግሽ አትነካኪው።

ሚቶማይሲኑ ለምን? ሰውነት ቁስል ሲያይ መድፈን ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ይህች ቁስል ሙሉ በሙሉ እንዳትድን ነው የምንፈልገው። ከሌላ ኦፕራሲዮን ሁሉ የሚለየው ይሄ ነው። የእኛ የጥቁሮች ቆዳ ጠባሳ ለመሥራት ይቸኩላል። ጠባሳው እንደ ደለል ነው፤ መውጫውን ይሞላዋል። መድኃኒቱ ጠባሳውን ያዘገየዋል፣ ፈጽሞ ግን አያስቆመውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት አንድ ከሐይቁ ማዶ የመጡ ሰው ሠራሁ። ኦፕራሲዮኑ ያማረ ነበር። በሳምንቱ ግፊታቸው 11 ሆነ። «በቃ ድኛለሁ» ብለው ሄዱ። እኔም ሲወጡ የቀጠሮ ወረቀት ሰጠኋቸው እንጂ ለምን መመለስ እንዳለባቸው በደንብ አላስረዳኋቸውም። በአራተኛው ወር ተመለሱ። ቋቱ ሜዳ ሆኗል፣ ግፊቱ 30 ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቢመጡ አንዷን ክር በሌዘር በጥሼ ወይም ጠባሳውን በመርፌ ፈትቼ ላድነው የምችለው ነገር ነበር። ጥፋቱን ግማሽ ለግማሽ ተካፍለነዋል ብዬ አስባለሁ። እውነቱን ለመናገር የእኔ ይበልጣል።

ስለዚህ ይህን አጥብቄ ልንገርሽ። ትራብ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ዓይኑ በማግስቱ ይታያል። በሳምንቱ ይታያል። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ወር ያህል፣ ከዚያ እየራቀ እስከ ሦስት ወር። ክር የሚበጠሰው፣ መርፌ የሚወጋው፣ ጠብታው የሚጨመረውና የሚቀነሰው በዚህ ጊዜ ነው። ከዘጌ በጀልባ መመላለስ ይከብዳል። ባሕር ዳር ዘመድ ካላችሁ አባትሽ የመጀመሪያውን ወር እዚያው ይክረሙ። እኔ ብሆን የኦፕራሲዮኑን ቀን ከመቁረጤ በፊት ማደሪያውን ነው የማስበው። ሐኪሙን ስትጠይቂም «መቼ ይሠራሉ?» ብቻ አትበይ። «ከተሠሩ በኋላ ማን ያያቸዋል? በስንት ቀኑ?» በይ።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት አንድ ነገር ይታይላቸው። ትራኮማ ባለበት አገር ነው የምንኖረው። የሽፋሽፍታቸው ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይኑን የሚቧጭር ከሆነ፣ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ሽፋኑ ጠርዝ ላይ የሚያሳክክ፣ የሚያበግን ነገር ካለም እንዲሁ። ቋቷ ፀጉር እየወጋት፣ ጀርም እየጎበኛት መኖር አትችልም።

የሰው ወሬ ላይ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። «ተሠርቶ የታወረ አለ» ያሉሽ ውሸት አላወሩም። አለ። ግን ለምን እንደሆነ ነገሩን እንለያየው።

አብዛኛው ዘግይቶ የመጣ ነው። ክር የምታህል እይታ ቀርቶት ይሠራል፤ ግፊቱ ቢወርድም ነርቩ ቀድሞ አልቆ ነበርና መቀነሱን ይቀጥላል። መንደሩ ግን ምላጩን ይወቅሳል። ሌላው፣ ውኃው ከመጠን በላይ ይወጣና ዓይኑ ግፊት አጥቶ ይላላል። ብዙ ጊዜ በጠብታና በጥንቃቄ ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ከኋላ ደም ይፈስሳል፣ ያ ከባድ ነው። ሞራ ደግሞ ከትራብ በኋላ ይፈጥናል። ይሄኛው ክፋት የለውም፤ በጊዜው ይወጣል። እይታቸው ቀድሞውንም ጫፍ ላይ ያሉ ሰዎች ላይ ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ራሱ የቀረችውን ድንገት ሊያጠፋ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ግን ይደርሳል። አንድ ዓይን ያለው ሰው ይህን መስማት መብቱ ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው። ቢሠሩ አደጋ ሊያገኛቸው ይችላል። 26 ላይ እንዲሁ ቢቆዩ ግን ዓይኑ እየሄደ መሆኑ የታወቀ ነው። የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። እንግሊዞች የገፋ ግላኮማ ያለባቸውን ገና ሲገኙ በሁለት ከፍለው ሞክረውታል፤ ግማሹ ትራብ፣ ግማሹ ጠብታ። በሁለት ዓመቱ የተሠሩት ግፊት 12 ገደማ፣ የጠብታዎቹ 15 ሆነ። የተሠሩት በኦፕራሲዮኑ ምክንያት ከሌሎቹ የበለጠ አልተጎዱም።

ኢንፌክሽኑን ለብቻው ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። ያቺ ቋት ስስ ናት። ከአንድ ወር በኋላም፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ጀርም ሊገባባት ይችላል። የተሠራ ዓይን ከቀላ፣ ካመመ፣ መግል ከያዘ ወይም እይታው ከደበዘዘ «ነገ ገበያ ስሄድ» አይባልም። በዚያኑ ቀን ነው። አንድ ሴትዮ ዓይናቸው ከቀላ በስድስተኛው ቀን መጡብኝ። የቤት መድኃኒት ሲያደርጉበት ቆይተው ነበር። ዓይኑን አላተረፍነውም።

ከዚህ ተነሥቼ ስለ ጸበል ልናገር። ለአባትሽ እምነታቸውን ተዉ የሚል ሰው አይደለሁም። ይጠጡት። ሰውነታቸውን ይጠመቁ። ፊታቸው ላይ ግን አይረጭ፤ ቢያንስ ሐኪሙ እስኪፈቅድ። ጥምቀት በመጀመሪያው ወር ላይ ከወደቀ፣ ታቦቱን ከሩቅ ይሸኙ። ያን ቀን ውኃ በፕላስቲክም በባልዲም እንደሚመጣ ታውቂያለሽ። የሐይቅ ውኃም ፊት አይታጠቡበት። ስግደትም ለጥቂት ሳምንት ይቆይ። ጎንበስ ቀና ማለት፣ ማማጥ፣ ኩንታል መሸከም ገና የተሠራ ዓይን ላይ ግፊቱን ያናውጠዋል። ሆድ እንዳይደርቅ ውኃና አትክልት። ሲተኙ የፕላስቲክ መከለያው ዓይናቸው ላይ ይለጠፍ፤ ሰው በእንቅልፉ ነው ዓይኑን የሚያሸው።

ጠብታው አያልቅም መጀመሪያ ላይ። የቁስል ማብረጃው በየሁለት ሰዓቱ ሊሆን ይችላል፤ እየቀነሰ ሁለት ሦስት ወር ይሄዳል። እይታቸው ለሳምንታት ብዥ ይላል። ያኔ «አበላሹኝ» ይሉሻል። ይጠበቃል በያቸው።

ቡናው? ዘጌ በሬ አይጠመድባትም፣ ኑሮው ቡናው ነው፤ ይገባኛል። ግን ቡና ጎንበስ ቀና ነው፣ ቅርንጫፍ ነው፣ አቧራ ነው። ቢሠሩ ዘንድሮ አይለቅሙም። ሌላ ሰው ይልቀምላቸው። ለቀማው እስኪያልቅ ሁለት ሦስት ወር በ26 ግፊት መቆየት የቀረችውን ነርቭ መቁረጥ ነው። ያቺ የሚስቷት ሳንቃ ዘንድሮ ጠርዟ ነው የጠፋቸው።

ስለ ሌሎቹ ኦፕራሲዮኖች በአጭሩ። ቱቦ የሚባል አለ። ከሲሊኮን የተሠራች ቀጭን ቱቦ ውስጥ ትገባለች፣ ጫፏ ላይ ያለች ሳህን ከዓይኑ ጎን ትሰፋለች። አሕመድ የሚባለው ቫልቭ አለው፤ ሕንዶች የሚሠሩት ኦሮላብ ደግሞ ቫልቭ የለውም፣ ዋጋው ግን ይቀላል። ትራብ ለከሸፈበት፣ ቆዳው ቀድሞ ጠባሳ ለያዘ፣ በስኳር ምክንያት ዓይኑ ውስጥ አዲስ የደም ሥር ለበቀለበት ቱቦ ይሻላል። ገና ላልተነካ ዓይን ግፊቱን ይበልጥ የሚያወርደው ትራብ ነው። የአባትሽ ቀኝ ዓይን ስላልተነካ ቱቦውን ለክፉ ቀን አስቀምጡት። በጣም ትንንሽ ብረቶችን በማጣሪያው ላይ የሚያስገቡ አዳዲስ ኦፕራሲዮኖችም አሉ፤ ዩቲዩብ ላይ አይተሽው ይሆናል። ለቀላል ደረጃ ናቸው። 12 አያደርሱም።

ሞራም ካላቸው አብሮ ሊወጣ ይችላል። ይሄን ጠይቂ። የኢትዮጵያ ግላኮማ ብዙ ጊዜ ሌንሷ ላይ ነጭ ፎረፎር የመሰለ ዱቄት ይዞ ይመጣል። ያ ዓይነቱ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ይቸኩላል፣ ሌንሷን የሚይዙት ክሮችም ይላላሉ። ዱቄቱ ካለ ሞራ የሚያወጣው ሰው አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻላል።

ወደ ቀጠሮ ስትሄዱ የጠብታውን ባዶ ጠርሙሶች ይዘሽ ሂጂ፤ «ነጭ ክዳን ያለው» ማለት አይረዳንም። አስም ካለባቸው ወይም ልባቸው ዘገምተኛ ነው ከተባሉ ተናገሪ፤ ቲሞሎል የሚባለው ለእንደዚህ ያለ ሰው አይሆንም። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነም ተናገሪ። የጤና መድን መታወቂያውንና ከጤና ጣቢያ የተጻፈውን ሪፈር አትርሺ። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም ሪፈር ይቀበላሉ። ሐኪሙ ወደ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ምኒልክ ልላካቸው ካለ ደግሞ «ሊገላገለኝ ነው» ብለሽ አትቀየሚ። አንድ ዓይን ብቻ የቀረው ሰው ብዙ ትራብ የሠራ እጅ ቢያገኝ ጥሩ ነው።

ሌላ የረሳሁት። ግላኮማ በቤተሰብ ይሄዳል። ዕድሜሽን አልጻፍሽልኝም። አርባን ካለፍሽ ወይም ከተጠጋሽ፣ ወንድምና እህትም ካለሽ፣ አባታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ እናንተም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ግፊቱ ይለካ፣ ነርቩ በመብራት ይታይ። አያምም፣ አሥር ደቂቃ ነው። ለእናንተ ምናልባት ሌዘሩ በቂ ሊሆን ይችላል።